ዛላ ሳያወጣ ያሸነፈው ማሽላ

ዘጠኝ ዓመት ሙሉ እንጀራዬ የማሽላ ቁመት መለካት ነበር። "ይህም ሥራ ሆኖ ደመወዝ ይከፈልበታል?" እያሉ የሚያሾፉብኝ ዘመዶች ነበሩኝ። ይከፈልበታል። ቆላው ወሎ ውስጥ ባለ አንድ የምርምር ጣቢያ የመስክ ረዳት ነበርኩ። በአንድ እጄ ከራሴ በላይ የሚረዝም ባለ ቁጥር ዘንግ፣ በሌላው መዝገብ ይዤ ከመደብ መደብ እዞራለሁ፤ አገዳ እለካለሁ፣ ዛላ እቆጥራለሁ፣ ግማሹ ያበበው በስንተኛው ቀን እንደሆነ እጽፋለሁ። ዛሬ ሪያድ ነኝ። ኢቃማዬ ላይ፣ የመኖሪያ ወረቀቴ ላይ ማለቴ ነው፣ ሙያዬ "ሓሪስ" ተብሎ ተጽፏል፤ ዘበኛ ነው። በምጠብቀው ግቢ ውስጥ ግን ከእኔ በቀር ሊሰረቅ የሚችል ነገር አይቼ አላውቅም።

ግቢው ኢስትራሃ ይባላል። የሪያድ ሰው ከተማው ሲጨንቀው አርብና ቅዳሜን የሚያሳልፍበት፣ ዙሪያውን በግንብ የታጠረ የእረፍት ቦታ ነው። የእኛው ከሱወይዲ ሰፈር አልፎ በስተደቡብ የከተማው ጫፍ ላይ ይገኛል፤ ሁለት የእንግዳ ክፍል፣ ጥቂት የተምር ዛፎች፣ ስምንት በጎች፣ ከሁሉም ጋር የተኳረፈች አንዲት ግመል፣ እና ማንም ምን እንደሚያደርገው ያላወቀ ባዶ መሬት አለው። ከፊሌ፣ አሠሪዬ ማለት ነው፣ ጡረታ የወጣ ሹም ነው። ክፉ ሰው አይደለም። ችግሩ እንቢ ማለት አለማወቁ ነው። የጠየቅከውን ሁሉ "ኢንሻአላህ" ይልሃል፤ ከዚያ ጉዳይህን ለፈጣሪ አስረክቦ ወደ ሻዩ ይመለሳል።

አምና የካቲት ላይ ሁለት ሰዎች በአንድ ሳምንት ውስጥ አንድ ዓይነት ነገር ጠየቅነው። አንዱ እኔ ነኝ። አገሬን ካየሁ ስድስት ዓመት ሆኖኛል፤ የእናቴን ሁለት ዓይኖች ደግሞ ሞራ እየጋረዳቸው ነው። ሐኪሙ በቀላል ቀዶ ጥገና ይነሳል ብሏታል። እሷ ግን "ልጄ አጠገቤ ቆሞ እጄን ካልያዘኝ ዓይኔን ማንም አይነካውም" ብላ ቆርጣለች፤ እናቴ ከቆረጠች ደግሞ ቆረጠች ነው። እህቴ በስልክ ባገናኘችን ቁጥር እናቴ የምትለኝ አንድ ነገር ነው፤ "ጨርሶ ሳይጨልም ናና ፊትህን ልየው።"

ሁለተኛው ጠያቂ አብሮኝ የሚሠራው ሱዳናዊ ሽማግሌ ነው። በጎቹንና ግመሏን የሚያየው እሱ ነው። ቤተሰቦቹ ጦርነቱን ሸሽተው ባሕር ዳርቻ ያለ ከተማ ውስጥ ተጠግተዋል፤ እዚያው የልጁ ሰርግ ለዐረፋ በዓል ማግስት ተቆርጧል። ሁለታችንም የፈለግነው ኹሩጅ ዐውዳ ነው፤ ደርሶ መመለሻ ፈቃድ። ያለሱ ከወጣህ መመለስ የለም፤ ከፊልህ ካልፈቀደ ደግሞ ፈቃዱ የለም። በዐረፋ ግቢው በእንግዳ ስለሚጥለቀለቅ መሄድ የሚችለው ከሁለታችን አንዳችን ብቻ ነው። ከፊሌ ለሽማግሌው ኢንሻአላህ አለው። ለእኔም ኢንሻአላህ አለኝ። ፈጣሪ ሁለት እርስ በርስ የሚጣሉ ማመልከቻዎች ደረሱት።

አንድ ሐሙስ ከዐስር፣ ከከሰዓቱ ሶላት በኋላ ከፊሌ ከጓደኞቹ ጋር ተቀምጦ ሳለ ወሬው እንደምንም ዞሮ ማሽላ ላይ ወደቀ። ከፊሌ የጂዛን ወገን ነው፤ ማሽላ በልቶ ያደገ የደቡብ ሰው። "በአባቴ ማሽላ ውስጥ ግመል ከነጋላቢዋ ትሰወር ነበር" አለ። በሳምንት አንድ ቀን ተምሮቹን ሊያይ የሚመጣ ግብፃዊ ባለሙያ አለ፤ ሁላችንም ሙሐንዲስ እንለዋለን፣ እሱም ራሱን እንደዚያው ይለዋል። "ያ ዘመን አልፏል፤ አሁን ዓለም በሙሉ የሚዘራው ዲቃላ ነው" አለ። ሻይ የሚያቀርበው ሱዳናዊው ሽማግሌ ብርጭቆውን ሳያስቀምጥ "ወላሂ ከእኛ አገር ማሽላ የሚበልጥ አልተፈጠረም" አለ። ከፊሌ በሩ ላይ ወደቆምኩት ወደ እኔ ዞረ።

"አንተስ ሐበሻ፣ ምን ትላለህ?"

አስተዋይ ሰው ቢሆን እዚህ ላይ "አላህ ያውቃል" ብሎ ይወጣ ነበር። ከመጠምጠም መማር ይቅደም ይባላል፤ እኔ ግን ተምሬ ጥምጣሙን ያጣሁ ሰው ነኝ፣ ስድስት ዓመት ሙሉ የሚያደምጠኝ አላገኘሁም። አፌ ተከፈተ። ዲቃላ የሚባለው ሁለት ዘሮች ተዳቅለው የሚወለድ ነው፣ በየዓመቱ አዲስ ዘር መግዛት አለብህ አልኩ። የተሻሻለ የሚባለው ተመራማሪ መርጦ ያወጣው ነው፣ ገበሬው ከራሱ አዝመራ መልሶ ሊዘራው ይችላል። ሦስተኛው የአገር ዘር ነው፣ ተመራማሪ ከመፈጠሩ በፊት አያቶች የመረጡት። የትኛው እንደሚበልጥ በወሬ አይታወቅም፤ ጎን ለጎን፣ በእኩል መሬት፣ በእኩል ውኃ፣ ደጋግሞ ዘርቶ መለካት ነው እንጂ። ስጨርስ የከፊሌ ፊት በራ፤ ሁለቱን ማመልከቻዎች የሚገላግለው ነገር ታይቶታል።

"ኸላስ፣ አለቀ! ሦስት መደብ። እያንዳንዳችሁ የራሳችሁን ዝሩ። ለዐረፋ እናየዋለን። ከሁለታችሁ የበለጠው አገሩን ደርሶ ይመጣል።"

ጓደኞቹ አጨበጨቡ። ሙሐንዲሱ የሌላ ከፊል ሰው ስለሆነ የእኛን ፈቃድ አይፈልግም፤ የሚወዳደረው ለክብሩ ነው። ሪያድን የሚያህል ከተማ፣ ስንት ቢሮና ስንት ማኅተም ባለበት አገር፣ እናቴን የማየቴ ጉዳይ ለማሽላ ተላለፈ። ያንን ያደረግኩት ደግሞ እኔው በገዛ አፌ ነው።

አሁን የማልኮራበትን ነገር መናገር አለብኝ። ጣቢያችን ውስጥ የተሻሻለው ዘር ከአገሩ ዘር ጋር በተወዳደረ ቁጥር ያሸንፍ ነበር። ሲያሸንፍ የኖረው እንዲህ ነው። ለፍትሕ ሲባል ሁሉም በአንድ ቀን ይዘራል፤ ቀኑን የምንመርጠው ግን እኛ ነን። የቆላ ገበሬ ወተት በጉንጬ የሚባለውን ማሽላውን በሚያዝያ ይዘራል፤ ሰባት ወር ይፈልጋል፣ ይዘገያል፣ ሲደርስ ግን ስሙን የሚያስረሳ አይደለም። እኛ ሁሉንም በሐምሌ እንዘራለን። ቶሎ የሚደርሰው የእኛ ልጅ በሦስት ወር ይሰበሰባል፤ ወተት በጉንጬ ፍሬ ሳይሞላ ዝናቡ ይሄድበታል። መደቡም ሁልጊዜ ዳር ላይ፣ ድንጋዩ የበዛበት ነው። እኔም መዝገቡ ላይ "ዝቅተኛ" ብዬ እጽፋለሁ። ከዚያ ያንን መዝገብ ይዤ ገበሬ ቤት እየዞርኩ እሰብካለሁ።

መጀመሪያ የሰበክኩት እናቴን ነው። "ልጄ ያጠናውን" ብላ ወተት በጉንጬን ተወችው፤ ዓይኗ እያየ የእናቷን ዘር በእኔ ቃል ለወጠች። ስለ መዝሪያው ቀን አልነገርኳትም። ጥቂት ዛላ ብቻ ጭሱ በሚያገኘው ቦታ ከጣሪያው ሥር ሰቅላ አስቀረች። ከሦስት ዓመት በፊት አንድ የአገሬ ልጅ ለእረፍት ሄዶ ሲመለስ፣ ከእነዚያ አንዷን ዛላ በነጠላ ቁራጭ ጠቅልላ ላከችልኝ። "ቆልተህ ብላው፣ አፍህ አገሩን እንዳይረሳ" የሚል መልእክት ነበረው። ልቆላው አልሆነልኝም። ክፍሌ ግድግዳ ላይ ሰቅዬው ኖረ። ውድድሩ ሲታወጅ በእጄ የነበረው ዘር ያ ብቻ ነው፤ እውነቱን ለመናገር ሌላም ቢኖረኝ የምዘራው እሱን ነበር፣ ዕዳ የምከፍል መስሎኝ።

በመጋቢት መጀመሪያ ዘራን። ሙሐንዲሱ በፋብሪካ ከረጢት የታሸገ፣ መድኃኒት ተቀብቶ ሮዝ የሆነ የዲቃላ ዘር ይዞ መጥቶ ከውኃው ታንከር አጠገብ ያለውን መሬት ወሰደ። ሽማግሌው አገሩ ውስጥ ሲዘራው የኖረውን የተሻሻለ ዘር ከዘመድ አስልኮ ከበጎቹ በረት ጀርባ፣ ፍግ የጠገበው ቦታ ላይ ዘራ። ለእኔ የደረሰኝ በምዕራብ በኩል ግንቡን ተከትሎ የሚሄድ፣ የግንበኞች ስባሪ ብሎኬት ያለበት ቀጭን መሬት ነው። የጣቢያችን የዳር መደብ ቁርጥ እሱን ነበር። የእጄን አገኘሁ ብዬ ድንጋዩን ለቀምኩ።

በሁለት ወሩ የሙሐንዲሱ ዲቃላ ሰንደቅ ዓላማ ለመስቀል እንደተሰለፉ ተማሪዎች በእኩል ቁመት ቆሞ ዛላ አወጣ። የሽማግሌውም በሳምንቱ ተከተለ። የእኔ ግን ቅጠል። ረዘመ፣ ወፈረ፣ ቅጠሉ የሰው ክንድ አከለ፤ ዛላ ግን የለም። አንድ ቀን ጠዋት አገዳውን በጣቴ እየዳሰስኩ ዛላ ስፈልግ፣ ጣቢያው ውስጥ ለስንት ጎብኚ ያስረዳሁት ነገር ትዝ አለኝና እዚያው ብሎኬት ላይ ተቀመጥኩ። ወተት በጉንጬ ቀን ቆጣሪ ነው። ቀኑ ማጠር ካልጀመረ ዛላ አያወጣም። ሪያድ ውስጥ ደግሞ እስከ ሰኔ ድረስ ቀኑ ይረዝማል እንጂ አያጥርም። ዐረፋ የሚውለው በግንቦት መጨረሻ ነው። ማሽላዬ ውድድሩ ካለፈ ከአራት ወር በኋላ ለመድረስ በጥሩ ሁኔታ ላይ ይገኛል! ከቀትር በኋላ በሸራ እየሸፈንኩ ቀኑ ያጠረ ላስመስልበት ይሆን ብዬ ሁሉ አሰብኩ። ሰው ሲጨንቀው የማያስበው የለም።

ከግንቡ ማዶ ሌላ ኢስትራሃ አለ። ባለቤቱ መዋኛ ገንዳ ስላሠራ ቤተሰቡ ከኛዎቹ ይልቅ ረዘም አድርገው ይቆያሉ። የቤት ሠራተኛቸው የወሎ ልጅ ናት። ፊቷን አይቼው አላውቅም፤ የማውቀው ልብስ ስታሰጣ ከግንቡ ወዲያ የሚመጣውን ድምፅዋን ነው።

"ወንድሜ፣ ያ የሚንሿሿው ማሽላ ነው ወይስ ጆሮዬ ነው?"

"ማሽላ ነው እህቴ።"

"ኧረ በአላህ! እሸት ሲይዝ ትወረውርልኛለህ?"

"ኢንሻአላህ" አልኳት። ቃሏ ከአፌ ስትወጣ ከፊሌን መምሰል እንደጀመርኩ ታወቀኝ።

በየሳምንቱ ትጠይቀኛለች፣ በየሳምንቱ አልደረሰም እላታለሁ። በመጨረሻ "የአንተ ነገር ላም አለኝ በሰማይ ወተቷንም አላይ ሆነ" ብላ ተወችኝ።

የዲቃላው ፍሬ መሙላት ሲጀምር ወፍ መጣ። ሪያድ ውስጥ ይህን ያህል ድንቢጥ እንዳለ አላውቅም ነበር። በዚያ ሁሉ ግንብና አስፋልት መሀል የደረሰ እህል ያለው እኛ ግቢ ብቻ ስለሆነ ወሬው በወፎቹ ዘንድ ተዳረሰ መሰለኝ። ከፊሌ ደንግጦ "ሐበሻ፣ መላ ፈልግ፤ ዘበኛ አይደለህ?" አለኝ። እኔ የማውቀው መላ አንድ ነው። ቆላ ውስጥ ማሽላ ሲያሽት ማሳው መሀል ማማ ይተከላል፤ አንድ ሰው እዚያ ላይ ወጥቶ በወንጭፍና በጩኸት ወፍ ይጠብቃል። ከግንበኞች የተረፈ ጣውላና የዕቃ መጫኛ ርብራብ ሰብስቤ፣ በገመድ አስሬ፣ ከሰው ቁመት እጥፍ የሚሆን ማማ በሁለት ቀን አቆምኩ። ሙሐንዲሱ አንዴ ዞሮ አይቶት ሄደ። ሽማግሌው ግን አገሩን አይቶበት ዓይኑ እንባ አቀረረ።

ከአሮጌ የራስ ጥምጣም ወንጭፍ ጎንጉኜ ወጣሁ። ምን ብዬ ልንገራችሁ፣ ደስ አለኝ! ነፋሱ ፊቴን መታኝ፣ ሦስቱም መደብ እግሬ ሥር ሆነ፣ "ሃይ! ሃይ!" ብዬ ስጮኽ ድምፄ የራሴ ነበር። ስድስት ዓመት በዚህ አገር ጮክ ብዬ ተናግሬ አላውቅም። ወንጭፉን እያስጮኽኩ፣ ወፉን እየረገምኩ፣ የእናቴን ማሳ የጠበቅኩበትን ዘመን እያሰብኩ ሳለ ከማዶ ያ የማውቀው ድምፅ መጣ።

"ወንድሜ ውረድ! በአላህ ይዤሃለሁ ውረድ! ሴቶቹ ገንዳው ውስጥ ናቸው!"

ያኔ ብቻ ዞር ብዬ አየሁ። ማየት አልነበረብኝም። በአገሬ ማማ ላይ የወጣን ሰው ወዴት ታያለህ የሚለው የለም፤ ወፍ ነው የሚያየው። ሪያድ ውስጥ ግንብ ለምን ከሰው ቁመት በላይ እንደሚሠራ ግን ስድስት ዓመት በግንብ መሀል ስኖር አንድ ቀን ቆም ብዬ አላሰብኩም። ወፍ እንዳገሯ ትጮኻለች እንዲሉ፣ እኔም እንዳገሬ ጮኽኩ። ሴቶቹ ጮኹ፣ እኔ ዘለልኩ፣ ቁርጭምጭሚቴ ዞረ።

ግማሽ ሰዓት ሳይሞላ ጎረቤቱ በራችን ላይ ነበር። ሹርጣ አለ፣ ተርሒል አለ፤ ፖሊስ ጠርቶ ከአገር ሊያስባርረኝ ማለት ነው። ተርሒልም ቢሆን አገር ያስገባል እንዳትሉኝ። መጀመሪያ እስር ቤት ነው፤ ስንት ወር እንደሆነ የሚያውቅ የለም። ከዚያ አሻራህን ሰጥተህ ባዶ እጅህን ትገባለህ፣ መመለስም የለም። እናቴን በምን አሳክማለሁ? እኔ ከበጎቹ መሀል ተደብቄ የማስበው ይህንን ነበር። ፈራሁ፤ እንደዚያ ቀን ፈርቼ አላውቅም። ከፊሌ ግን ያን ዕለት ሰው ሆነ። "ወፍ እንጂ ሰው አያይም፣ እኔ ነኝ ያዘዝኩት" ብሎ ማለልኝ። ጎረቤቱ በሁለት ቅድመ ሁኔታ በግድ ረገበ። ማማው በዚያው ሰዓት ይፈርሳል፤ ግንቡም እስከ ዐረፋ ድረስ ከፍ ካላለ ክሱ ይቀጥላል። ግንብ ማስረዘም ፈቃድ ይጠይቃል፣ ፈቃድ ወራት ይፈጃል። ከፊሌ "ኢንሻአላህ" አለ።

ማማው በፈረሰ ማግስት ወፎቹ ተመለሱ። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች የሚባለው ለሙሐንዲሱ ዲቃላ ደረሰ፤ ቀድሞ የደረሰው ቀድሞ ተበላ። ሙሐንዲሱ ባዶውን ከረጢት ይዞ መጥቶ ጀርባው ላይ ያለውን ጽሑፍ እያሳየ "እዚህ ላይ ስለ ወፍ የተባለ ነገር የለም" ይላል። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም። ሽማግሌው ዛላዎቹን በፌስታል፣ ፌስታል ሲያልቅ በራሱ ካልሲ ሸፈናቸው። ፌስታል የለበሰው ሻገተ፤ ካልሲውን ወፎቹ ቀዳደው ገቡ። ከሁሉም የተረፈችው ነጭ የሶላት ቆቡን የደፋላት አንዲት ዛላ ናት። የእኔን መደብ ወፎቹ አንድ ጊዜ ዞረው አዩትና የሚበላ ሲያጡ ሄዱ።

ዐረፋ ሁለት ሳምንት ሲቀረው ማሽላዬ ግንቡን አለፈው። ከዚያም በየቀኑ ጨመረ፤ ጥቅጥቅ ብሎ፣ ቅጠል በቅጠል ተደራርቦ፣ ከግንቡ በላይ ሌላ አረንጓዴ ግንብ ሆነ። እኔ ከሥሩ ቁጭ ብዬ መዝገብ ቢኖረኝ ምን እንደምጽፍ አስብ ነበር። ምርት፦ ዜሮ። አስተያየት፦ ዝቅተኛ። እናቴ ደግሞ በየቀኑ "ለማሽላህ ዱዓ እያደረግኩ ነው፣ በሶላቴ ሁሉ ነው የማነሳው" ትለኛለች። ዛላ አወጣ ወይ ስትለኝ "እየመጣ ነው እማዬ" እላለሁ። መዋሸቴ አይደለም፣ እየመጣ ነበር።

ዐረፋ ጥቂት ቀን ሲቀረው የፍርዱ ቀን ደረሰ። ከፊሌ ሁለት ጓደኞቹን አስከትሎ መደብ በመደብ ዞረ። ሙሐንዲሱ ባዶ ዛላዎቹ አጠገብ ቆሞ፣ ወፍ ባይኖር ኖሮ ምን ያህል ይገኝ እንደነበር ከወረቀት አነበበ። ሽማግሌው ያቺን አንዲት ዛላ ከነቆቧ በሁለት እጁ አቀረበ። እኔ ምንም የማቀርበው ስለሌለኝ ከማሽላው ሥር ቆምኩ። ከፊሌ ቀና ብሎ አየው፤ ከዚያ ጆሮውን ወደ ግንቡ አዘነበለ። ከማዶ የውኃ መንቦጫረቅ ይሰማል፣ ሴቶች ይስቃሉ፤ የማንም ጩኸት የለም። ያን ዕለት ጠዋት ጎረቤቱ ከምስጋና ጋር አንድ ትሪ ተምር ልኮ ኖሯል። ግንብ ሳይጨመር ግንቡ ረዝሞለታል፤ ፈቃድ የሚጠይቅ የለ፣ ሲሚንቶ የለ።

"ግመል ከነጋላቢዋ!" አለ ከፊሌ፣ ዓይኑ በርቶ። "የአባቴ ማሽላ ይህ ነው። ኸላስ፣ ሐበሻው አሸነፈ!"

አጨበጨቡልኝ። ሙሐንዲሱ ሳይቀር ጨበጠኝ። በሕይወቴ ብዙ ማሽላ ዳኝቻለሁ፤ ዛላ የሌለው ማሽላ ሲያሸልም ያየሁት ያን ቀን ብቻ ነው። የአገሩ ዘር በመጨረሻ አሸነፈ፤ ባሸነፈበት ነገር ግን ማንም ተመራማሪ ለክቶት አያውቅም። ደስታዬን መቆጣጠር አቅቶኝ እዚያው ጠየቅኩ።

"ባባ፣ እንግዲህ ኹሩጄ መቼ ይወጣልኛል?"

ከፊሌ የአእምሮ በሽተኛ እንደሚያይ አየኝ።

"የት ልትሄድ? ይህን ማን ያጠጣዋል?"

"ያሸነፈ ይሄዳል ብለሃል እኮ።"

"ወላሂ ብያለሁ። ግን አስበው እንጂ፣ ማሽላህ ቢደርቅ ጎረቤቱ ነገ በሩ ላይ ነው። የሱዳኑ መደብ ባዶ ነው፣ ምን ይሠራል እዚህ? እሱ ይሂድ። በጎቹንም ለጊዜው አንተ ታያቸዋለህ። አንተን የሚተካ የለም!" ትከሻዬን መታ መታ አደረገኝና ሽልማቴን አስመጣ፤ ሃምሳ ሜትር አዲስ የውኃ ጎማ። "ለአንተ ደግሞ ለሚመጣው ዐረፋ፣ ኢንሻአላህ" አለኝ።

ሽማግሌው ሻንጣውን ይዞ ሊሰናበተኝ ሲመጣ ዓይኔን ማየት አልቻለም። "ያ ወለዲ፣ ልጄ፣ ወላሂ አፍሬያለሁ" አለኝ፤ "በማሽላ በልጠኸኝ በአውሮፕላን በለጥኩህ።" አቀፍኩት። የልጁን ሰርግ እንዴት እቀናበታለሁ? ቀናሁበት ግን። እውነቱን ልናገር፣ የጫነችው መኪና ከበሩ ስትወጣ አዲሱን ጎማ አንስቼ መሬት ላይ ወረወርኩት።

ያን ቀን ለእናቴ ስደውል "ተሸነፍኩ" አልኳት። ምን ልበላት? አሸንፌ ቀረሁ የሚለው ነገር በአማርኛ ስሞክረው ትርጉም አልሰጥ አለኝ። እሷም "አይዞህ፤ የኔው ዱዓ ነው ያልደረሰው" አለች። ከዚያ ቀን ወዲህ ባወራን ቁጥር ያቺን ነገር ትደጋግማታለች። ዱዓዬ ቀርቷል፣ አላህ ተቀይሞኛል፣ ከሶላቴ ምን አጎደልኩ ትላለች። መሽቶ ሲነጋ ያንን እየሰማሁ ግንቤን አጠጣለሁ።

በመስከረም ቀኑ አጠረ። አንድ ጠዋት ጎማውን ይዤ ስወጣ ከላይ ከቅጠሎቹ መሀል ዛላ ብቅ ብሏል። በሳምንቱ ዳር እስከ ዳር ዛላ ሆነ፤ ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ። ፍሬው ሲያሽት አንዱን ዛላ ቆርጬ ከግንቡ ማዶ ወረወርኩ። "አልሐምዱሊላህ፣ ደረሰልህ!" አለች የወሎዋ ልጅ ከወዲያ። እኔም አንዷን ፍሬ ነክሼ ቆምኩ፣ ወተቱ አፌ ውስጥ ፈሰሰ፣ እዚያው ግንቡን ተደግፌ እንደ ሕፃን አለቀስኩ።

ፎቶ አንስቼ ለታናሽ እህቴ ላክኩላትና ደወልኩ። እናቴ ስልኩን ወደ ዓይኗ አስጠግታ ብዙ ቆየች። "አይታየኝም፣ እስኪ ንገሪኝ" ስትል ሰማሁ። እህቴ ነገረቻት፤ ሙሉ ነው፣ ነጭ ነው፣ ጎንበስ ብሏል፣ ልክ እንደ እኛው። እናቴ "ያኔ በደረሰ ኖሮ አትሸነፍም ነበር፤ የኔ ዱዓ ነው የዘገየው" አለች። ከዚህ በላይ አልቻልኩም።

"እማዬ፣ ዱዓሽ ያኔውኑ ደርሷል። አሸንፌ ነበር። ስላሸነፍኩ ነው ያስቀሩኝ። የሚያሸንፍ ማሽላ ያለው ሰው አይለቀቅም አሉኝ። ደግሞ እማዬ፣ ጣቢያው ውስጥም ይህ ዘር አልተሸነፈም ነበር፤ ቀኑን የመረጥንበት እኛ ነን።"

  ለውድድሩ መልሰን እንደምንዘራ፣ ከፊሌም በየዓመቱ ይሁን ማለቱን እህቴ ቀደም ብላ ነግራታለች።

"ከአሁን ወዲያ" አለች፣ "ለሚመጣው ዐረፋ እንድትሸነፍልኝ ነው ዱዓ የማደርገው።"

"አሚን" አልኳት።